የጉበትና የቆሽት ካንሰር ቀዶ ሕክምና፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ በቀዶ ሕክምና ክፍል ስሠራ ከታማሚም ከአስታማሚም የምሰማቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤያለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቆሽት የቱ ነው? ከጉበት ጋርስ ለምን አብሮ ይነሳል?

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም አካል ነው። ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ወደ አንጀት ይልካል፤ ኢንሱሊን ደግሞ ወደ ደም። ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል እንጂ የት እንዳለ ብትጠይቁት ሆዱን በሙሉ ነው የሚያሳያችሁ።

ከጉበት ጋር የሚያገናኘው የሐሞት ቱቦ ነው። ከጉበት የሚወርደው ሐሞት አንጀት የሚደርሰው በቆሽት ራስ በኩል አልፎ ነው። እዚያ ላይ እጢ ሲወጣ መንገዱ ይዘጋል፣ ሐሞቱ ወደ ደም ይመለሳል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ጉበትን፣ ሐሞት ከረጢትንና ቆሽትን አንድ ዓይነት ሰብ ስፔሻሊስት ቀዶ ሐኪም የሚይዛቸውም ለዚህ ነው።

ዓይኑ ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ወይስ ካንሰር?

ብዙውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። የጉበት ቫይረስ፣ የሐሞት ጠጠር፣ መድኃኒት፣ ወባም ዓይንን ቢጫ ያደርጋሉ። እኛን የሚያስደነግጠን ሕመም የሌለው ቢጫነት ነው። ሰውየው በዕድሜ ገፋ ያለ ነው። ትኩሳት የለውም። ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቁሯል፣ ሰገራው ነጣ ብሏል፣ ሌሊት ያሳክከዋል፣ ልብሱ ሰፍቶታል። ከዚህ ላይ በቅርቡ የጀመረው ስኳር ካለ ጥርጣሬው ይጨምራል። እንዲህ ያለ ሰው በዚያው ሳምንት አልትራሳውንድ መነሳት አለበት።

አንድ ቀላል ነገር ልንገራችሁ። ዓይን የሚታየው በመስኮት ብርሃን ነው። ማታ በአምፖል ብርሃን «ምንም የለውም» የተባለ ሰው ጠዋት በረንዳ ላይ ሲወጣ ቢጫው ፍጥጥ ብሎ ይታያል። የታችኛውን ሽፋሽፍት ሳብ አድርጋችሁ ነጩን ክፍል እዩ።

የወፍ መድኃኒት የሚባለው ቅጠልስ? አንዳንዱ ራሱ ጉበት ይጎዳል። ከዚያ የሚብሰው ግን የሚበላው ጊዜ ነው፤ «ይሄን ጨርስና እናያለን» ሲባል ሁለት ወር ያልፋል። ጠበሉንም ዱዓውንም ማንም አልከለከለም። ምርመራው አብሮ ይሂድ ብቻ።

አልትራሳውንዱ ጉበቴ ላይ እብጠት አሳየ። ካንሰር ነው ማለት ነው?

አይደለም። ጉበት ላይ የሚታይ ነገር ብዙ ዓይነት ነው። ምንም የማያደርግ የደም ሥር እብጠት ሊሆን ይችላል። አሜባ ያመጣው መግል ሊሆን ይችላል፤ ይሄ በመድኃኒት ይድናል። ከውሻ የሚተላለፍ ትል የሚፈጥረው ውኃ የቋጠረ ከረጢትም አለ። ከብትና በግ በሚረባበት፣ ውሻም ከቤት በማይጠፋበት አገር ይሄኛውን መርሳት አይገባም። ከረጢቱን ሳያስቡ በመርፌ መውጋት ፈሳሹ ሆድ ውስጥ እንዲፈስና ብርቱ አለርጂ እንዲነሳ ሊያደርግ ይችላል።

ቀጣዩ እርምጃ ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው። ጉበቱ ጠባሳ ለያዘ ሰው፣ ማለትም ሲሮሲስ ላለው፣ መድኃኒቱ ወደ እብጠቱ የሚገባበትና የሚወጣበት ሁኔታ ብቻውን የጉበት ካንሰር መሆኑን ሊያረጋግጥ ይችላል። «ናሙና ሳይወሰድ እንዴት ካንሰር አሉት?» ብላችሁ አትጣሉ። በሌላ በኩል ሲኤ 19-9 የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ስላለ ብቻ የቆሽት ካንሰር አለ አይባልም። ሐሞት በተዘጋ ሰው ሁሉ ሊጨምር ይችላል።

የጉበት ካንሰር ከምን ይመጣል? እኛ አካባቢ ምኑን ልፍራ?

በመጀመሪያ የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ። ቢ ጉበቱን ጠባሳ ሳያስይዝም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ከእናት ወደ ልጅ፣ በደም፣ በግብረ ሥጋ ይተላለፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ አብዛኛው ሰው አልተከተበም። ስለዚህ ተመርመሩ። ቢ ያለበት ሰው ዕድሜ ልክ ክትትል ይፈልጋል፤ ሲ ግን ዛሬ ብዙውን ጊዜ የ12 ሳምንት ክኒን ተወስዶ ይድናል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ መነሳት አለበት፤ እጢው ትንሽ ሳለ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

አረቄን የማያውቅ የለም። ብዙ የማይወራለት የሻገተ እህል ነው። እርጥበት ያገኘው ማሽላ፣ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ማብሰል አያጠፋውም። በቆላው ወገን በጉድጓድ የሚቀመጥ ማሽላ እርጥበት እንዳይገባበት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሐይቅና በከሚሴ አካባቢ የሚታወቀው ብልሃርዝያም ጉበት ይጎዳል፣ ጣፊያ ያሳብጣል፣ ደም ያስታውካል፤ ዋና የጉበት ካንሰር መንስኤ ተደርጎ ግን አይቆጠርም። ጫትንም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሐረር ላይ የተሠራ ጥናት ከሥር ሰደድ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። ለጉበታችሁ ብላችሁ ብትቀንሱት አትጎዱም።

የቆሽቱ ካንሰር ሌላ ነው። ሲጋራ፣ ውፍረት፣ የቆየ የቆሽት መቆጣትና ስኳር፣ አንዳንዴም ዘር።

ካንሰር ብረት ሲነካው ይሰራጫል ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ወሬው የመጣው ግን ከባዶ አይደለም። ሲቲ ስካን ሳይኖር ሆድ ተከፍቶ በሽታው አልፎ ሄዶ ይገኝ ነበር። ይዘጋል፣ ታማሚው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያርፋል፣ ሰፈሩ ቢላዋውን ይከሳል። ከመክፈት በፊት በደንብ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ጭምር ነው።

ጉበት ተቆርጦ መልሶ ያድጋል የሚባለውስ?

ይሄ እውነት ነው። የተቆረጠው ክፍል ተመልሶ አይበቅልም፤ የቀረው ነው የሚተልቀው። ጤነኛ ጉበት ላለው ሰው እስከ 70 በመቶ ድረስ ሊወጣለት ይችላል፤ የቀረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙውን ያካክሳል። ሲሮሲስ ያለበት ጉበት ግን እንዲህ አያድግም። «የጎረቤታችን እኮ ግማሹ ወጥቶለት ድኗል» የሚለው ክርክር የማያስኬደው ለዚህ ነው። የጎረቤት ጉበት ሌላ፣ የእናንተ ሌላ።

ፈረንሳዊው ኩይኖ በ1950ዎቹ ጉበትን እንደ ደም ሥሮቹ አከፋፈል በ8 ክፍል ከፈለው። ዛሬም ቀዶ ሐኪሞች «ክፍል 6 ላይ ነው» እያሉ የሚነጋገሩት በእሱ ካርታ ነው። ጃፓናዊው ቀዶ ሐኪም ማሳቶሺ ማኩቺ ደግሞ አልትራሳውንዱን ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ አስገባው፤ ጉበቱ ላይ አስቀምጦ እያየ ቆረጠ። ሌላም ነገር አሰበ። የሚቀረው ጉበት ትንሽ ከሆነና ታማሚውን ካላቆመውስ? ሊወጣ ወደታሰበው ወገን የሚሄደውን የደም ሥር አስቀድሞ መዝጋት። ደሙ ወደ ሌላው ወገን ሲዞር ያ ወገን ያብጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይቆረጣል። ይሄን ዘዴ በ1990 ካሳተመ ወዲህ፣ አይቆረጥም ይባል የነበረ ብዙ ጉበት ተቆርጧል። እኔን ደስ የሚለኝ ትዕግሥቱ ነው። ቀዶ ሐኪም ሆኖ ሳይቆርጡ ሳምንታት መጠበቅ ቀላል አይደለም።

ዊፕል የሚባለው ቀዶ ሕክምና ምንድነው?

የቆሽት ራስ ላይ ያለ እጢን ማውጫ ነው። የቆሽት ራስ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ ሐሞት ከረጢቱና የቱቦው ጫፍ፣ አንዳንዴም የጨጓራ ቁራጭ አብሮ ይወጣል። ከዚያ ሦስት ቦታ መቀጠል አለ፦ ቆሽቱ፣ የሐሞት ቱቦውና ጨጓራው ከአንጀት ጋር ይገናኛሉ። ከ5 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል።

አስቸጋሪው የቆሽቱ ቅጥል ነው። ጤነኛ ቆሽት ሲሰፉት እንደ ቅቤ ነው፤ ክሩ ይቆርጠዋል። ቅጥሉ ካፈሰሰ ምግብ የሚፈጨው ፈሳሽ የራስን ሥጋና የደም ሥር መፍጨት ይጀምራል። ታማሚው ሦስተኛው ቀን ላይ ደህና ሆኖ ሳለ ሐኪሙ የፍሳሽ ቱቦውን ደጋግሞ የሚያየው፣ ቀለሙን በመብራት የሚያገላብጠው ለዚህ ነው። አስታማሚ ሆይ፣ ፍሳሹ የሚጠራቀምበትን ከረጢት ሳታስለኩ አትድፉት።

ቀዶ ሕክምናውን ጀርመናዊው ካውሽ በ1909 ሠርቶት ነበር። ስሙ የቀረው ግን ለአለን ዊፕል ነው። ፋርስ አገር ከሚሲዮናውያን ቤተሰብ የተወለደው ዊፕል ኒውዮርክ ላይ በ1935 ሦስት ታማሚዎችን ዘገበ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከአራት ታማሚ አንዱ ገደማ ይሞት ነበርና ብዙዎች «ይሄ ነገር ይቅር» እስከ ማለት ደረሱ። በ1993 የጆንስ ሆፕኪንሱ ጆን ካሜሮንና ባልደረቦቹ በተከታታይ 145 ሰው ሠርተው አንድም እንዳልሞተባቸው አሳተሙ። ቀዶ ሕክምናው ያው ነው። የተለወጠው ማን እንደሚሠራውና በዙሪያው ማን እንደቆመ ነው።

ደሴ ይሠራልኝ ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ?

በ2002 አሜሪካ ውስጥ በቀዶ ሐኪሙ በርክማየር መሪነት በዕድሜ የገፉ ታማሚዎች መዝገብ ተመረመረ። የቆሽት ቀዶ ሕክምና በዓመት አንድ እንኳ በማይሞላባቸው ሆስፒታሎች ከታከመው 16.3 በመቶ ሞቷል። በዓመት ከ16 በላይ በሚሠራባቸው ቦታዎች ግን 3.8 በመቶ። ይሄ ልዩነት የጎበዝና የሰነፍ ሐኪም ልዩነት ብቻ አይደለም። ሰመመን ሰጪው፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ፣ ሌሊት ደም ሲፈስ የሚነሳው ሲቲ ስካን፣ የደም ባንኩ፣ ፍሳሹን አይታ «ይሄ አላማረኝም» የምትለው ነርስ ሁሉ አሉበት።

ስለዚህ የሆስፒታሉን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ጠይቁ። «ባለፈው ዓመት ይሄን ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ ሠራችሁ? ስንቱ በሰላም ቤቱ ገባ?» ድፍረት አይደለም። የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ራሱ መልስ ነው። ምርመራውን ጀምሮ ሐሞት ጠጠርም ሆነ መግል መሆኑን ለመለየት ደሴ ይበቃል። ለትልቁ ቆሽትና ጉበት ቀዶ ሕክምና ግን አብዛኛውን ጊዜ ሪፈር የሚጻፈው አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ነው።

ስትሄዱ ወረቀት ብቻ አትያዙ። የሲቲ ስካኑን ሲዲ ያዙ። ሰው ፊልሙን ጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ከዳቦ ጋር ከትቶ 400 ኪሎ ሜትር ይጓዝና እዚያ «እንደገና ተነሱ» ይባላል። የጤና መድን ያላችሁ ሪፈሩን በሥርዓቱ አስጽፉ፤ ደረጃውን ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው በራሳችሁ ነው። አቅም ለከዳው ሰው ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን መሄድ ጣርማ በርን በአውቶቡስ ከመውጣት ይሻላል፤ ብሩ ከተገኘ።

ቀዶ ሐኪም ምርምር ምን ያደርግለታል? ቢላዋው አይበቃውም?

አይበቃውም። የቆሽት ካንሰር ሲገኝ መቆረጥ የሚችለው ከአምስት ሰው አንድ ገደማ ነው፤ ተቆርጦለትም በሽታው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ይሄን ለዓመታት ያየ ቀዶ ሐኪም «በደንብ ቆርጬ ነበር እኮ፤ ታዲያ ለምን?» ማለቱ አይቀርም።

የእንግሊዙ ቀዶ ሐኪም ጆን ኒዮፕቶሌሞስ ይሄን ጥያቄ የሙያ ዘመኑ ሥራ አደረገው። ከሊቨርፑል ሆኖ፣ ኋላም ከሃይደልበርግ፣ የብዙ አገር ሆስፒታሎችን ኤስፓክ በሚባል የጥናት ቡድን አሰባሰበ። በ2004 የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ከወሰዱት 21 በመቶው፣ ካልወሰዱት ደግሞ 8 በመቶው 5 ዓመት መኖራቸውን አሳየ። ጨረርን ከኬሞ ጋር አዳብሎ መስጠት ግን በዚያ ጥናት የጠቀመ አልመሰለም፤ እንዲያውም ጎድቷል። ጨረር ይጠቅማል ብለው ያመኑ ብዙ ነበሩና ነገሩ አከራከረ። በ2017 ደግሞ ሁለት የኬሞ መድኃኒት አንድ ላይ መስጠት አንዱን ብቻ ከመስጠት እንደሚሻል አሳዩ። በዓመቱ ፈረንሳዮች የመሩት ሌላ ጥናት ጠንከር ባለ ኬሞ አማካይ ዕድሜውን ከ35 ወደ 54 ወር ገደማ አደረሰው፤ ለሚችለው ታማሚ።

ልብ በሉ፣ ቀዶ ሐኪሙ በሙያ ዘመኑ ያረጋገጠው ትልቁ ነገር የቢላዋ ጉዳይ አይደለም። ከቢላዋው በኋላ ምን ይሰጥ የሚለው ነው። ታማሚው ስፌቱ ደርቆ «ድኛለሁ» ብሎ ወደ ወረባቦ ወይም ወደ ኩታበር ሲገባ፣ ኬሞውም እዚያው ሲቀር የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

ዓይኑ ቢጫ እያለ ለምን አይቆረጥም? መጀመሪያ ሐሞቱ ይፍሰስ አይደል?

ለረጅም ጊዜ ሁሉም እንደዚያ ያስብ ነበር። በ2010 የኔዘርላንድ ሐኪሞች 202 ታማሚዎችን በዕጣ ከፍለው ፈተኑት። ቶሎ ከተቆረጡት 39 በመቶው፣ መጀመሪያ በስቴንት፣ ማለትም ሐሞት መውረጃው ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ሐሞታቸው ከተከፈተላቸው 74 በመቶው ከባድ ችግር ገጠማቸው። ስቴንቱ ራሱ ይመረቅዛል፣ ይዘጋል።

ይሄ ግን ቶሎ ለሚቆረጥ ሰው ነው። ተራ ለሚጠብቅ፣ ትኩሳት ለጀመረው፣ ቢጫነቱ በጣም ለከፋ፣ ወይም መጀመሪያ ኬሞ ለሚሰጠው ስቴንት ያስፈልጋል። እኛ አገር ወረፋው ረጅም ነውና የደቾቹን ውጤት እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ኬሞውንም ቢሆን ቢጫ ዓይን ይዞ መጀመር አደገኛ ነው።

ጉበት መቀየርስ?

የመጀመሪያውን የጉበት ንቅለ ተከላ ቶማስ ስታርዝል በ1963 ሞከረ። ካንሰር ላለው ሰው ግን ውጤቱ ለዓመታት መጥፎ ነበር፤ የተቀየረውም ጉበት ካንሰር ያዘው። ጣሊያናዊው ቀዶ ሐኪም ማዛፌሮ በ1996 መስፈርት አወጣ፦ አንድ እጢ ከሆነ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከበዛ እስከ ሦስት ሆኖ እያንዳንዱ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር፣ የደም ሥር ያልነካ። በዚህ ተመርጠው ከተቀየረላቸው 48 ሰዎች 75 በመቶው 4 ዓመት ኖሩ። ሚላን የሚባለው መስፈርት ዛሬም ይሠራበታል። ከውጭ አገር «እንቀይርላችኋለን» የሚል ሰው ሲገኝ በመጀመሪያ የእጢውን መጠን በሴንቲ ሜትር ጠይቁትና ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ጥናት ውስጥ ግቡ አሉን። መሞከሪያ ልንሆን ነው?

ጥያቄው ያስኬዳል። ጥናት ያለ ፈቃድ አይደረግም። በአማርኛ ተብራርቶላችሁ፣ ጠይቃችሁ፣ ፈርማችሁ ነው። ስትፈልጉ መውጣት ትችላላችሁ፤ ስለወጣችሁ ሕክምና አትነፈጉም። በዕጣ ለሁለት መከፈሉ የሚያስቆጣቸው አሉ፤ «ሐኪሙ የሚሻለውን እያወቀ እንዴት በዕጣ?» ይላሉ። የሚሻለው ቢታወቅ ኖሮ ጥናቱ አይደረግም ነበር። ጠይቁ፦ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ጉዳት ቢደርስ ማን ያክማል? የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል? ሦስቱ ካልተመለሱ አትፈርሙ።

ወጣት ሐኪም ነኝ። ደሴ ሆኜ ይሄን ምርምር መጀመር እችላለሁ?

ዕጣ የሚጣልበትን ትልቅ ጥናት ለብቻህ አትጀምረውም። መዝገብ ግን ትጀምራለህ። ቢጫ ሆኖ የመጣ ታማሚ ሁሉ፦ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ መጀመሪያ የት ሄደ፣ መቼ ሪፈር ተጻፈለት፣ ከሪፈሩ በኋላስ ምን ሆነ? የመጨረሻውን አምድ የሚሞላ የለም። ስልክ ደውለህ «አባባ እንዴት ሆኑ?» ማለት ነው። አንዳንዴ መርዶ ትሰማለህ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የሕክምና ኮሌጅ አለው፤ የሥነ ምግባር ፈቃዱን በዚያ በኩል ጀምር። በርክማየር ያን ሁሉ ያሳየው ሌሎች በጻፉት መዝገብ ላይ ተቀምጦ ነው።

ለታማሚው እንንገረው ወይስ እንደብቀው?

ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ይይዘኝና «ለእሱ ጨጓራ ነው በለው» ይለኛል። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሰውየው ለ8 ሰዓት ቀዶ ሕክምና ሊፈርም ነው። ሳያውቅ መፈረም አይችልም። ኬሞውንም «ለጨጓራ» ብሎ አይጨርሰውም።

እኔ የማደርገው መጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ነው። «አባባ፣ ውጤቱን ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ?» አንዳንዱ «ለልጄ ንገረው፣ እኔ ለአላህ ሰጥቻለሁ» ይላል። መብቱ ነው። ብዙው ግን ቀድሞ ያውቃል፤ ልጆቹ እንዳይደነግጡ እሱም እየደበቀላቸው ነው።

«አይቆረጥም» ተባልን። ቤት ሸጠን ውጭ እንውጣ?

ከመሸጥ በፊት ሲዲውን ላኩ። ሌላ የቆሽትና የጉበት ቀዶ ሐኪም ምስሉን አይቶ አስተያየት ለመስጠት ታማሚው አጠገቡ መሆን የለበትም። የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «የማይቆረጠው ለምንድነው?» ዋናው የደም ሥር ላይ ስለተጣበቀ ከሆነ ኬሞ ተሰጥቶ እንደገና ሊታይ ይችላል፤ እንዲህ ሆኖ የተቆረጠለት አለ። ወደ ሌላ አካል ስለተሰራጨ ከሆነ ግን ባንኮክም ዴልሂም መልሱ ያው ነው፤ ቤቱን አትሽጡ።

ያኔም የሚደረግ አለ። ስቴንቱ ማሳከኩን ያስታግሳል። ኬሞ ለሚችለው ወራት ይጨምራል። የጀርባ ሕመሙን ሞርፊን ይይዘዋል፤ «ሱስ ይሆንበታል» ብላችሁ አትከልክሉት። ምግብ አልፈጭ ካለው የቆሽት ኢንዛይም ክኒን አለ፤ ከምግቡ ጋር ይወሰዳል፣ ከምግብ በኋላ አይደለም።